የሞክሲዎች ደም

«የለብሽም» አለችኝ ሲስተር ቨርኒታ።

«ምኑ?»

«ነገሩ ነዋ። ከቤተሰባችሁ የሚወርደው ዘረመል። አንቺ ላይ የለም፣ አልታ። ነጻ ነሽ።»

እንደገና ንገሪኝ አልኳት፤ ነገረችኝ። ሦስተኛ ስጠይቃት ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያም መርዶ እንደተነገረው ሰው ውሃ አስመጣችልኝ።

ውሃውን ጠጣሁ። ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። እኔ ተዘጋጅቼ የሄድኩት ለሌላኛው ፊት ነው። ልብስ እንኳን መርጬለት ነበር፤ አንገቱ ዝግ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ፣ ክፉ ዜና በጨዋ ደንብ ለምትቀበል ሴት የሚሆን። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዋና ከተማችን ናሳው ውስጥ ስንትና ስንት ተማሪ የሚለብሰው ዩኒፎርም ከእኔ እጅ ነው የወጣው፤ ለየትኛው ቀን የትኛው ልብስ እንደሚሆን አውቃለሁ። ለዚህኛው ግን የሚሆን ልብስ አልነበረኝም።

እህቴ ፕሪስኮላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አምና ግራ ጡቷን ቆርጠው አውጥተውላታል፤ ፀጉሯ ገና መብቀሉ ስለሆነ ሻሽ አስራለች። ነገሩ እንዳለባት የታወቀውም ያኔ ነው።

«እ?» አለችኝ።

«የለብኝም።»

«ተመስገን» ብላ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ አጥብቃ። ከዚያ ለቀቀችኝና ፊቴን ትክ ብላ አየችው፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ሰፈር እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ያወራነው ስለ ሾፌሩ ሙዚቃ ጩኸት ብቻ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አያቴ ማማ ሊዮታ በጡት ካንሰር ሞቱ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በዚያው ተከተሏቸው። አንድያ ወንድ ልጃቸው፣ አባቴ ቴዎፍሎስ ሞክሲ፣ በፕሮስቴት ካንሰር ሞተ። ከልጆቻቸው የቀሩት አክስቴ አይዳሜ ብቻ ናቸው። ካት አይላንድ በምትባለው ደሴታችን ላይ፣ በእኛ መንደር፣ ሰው የበሽታውን ስም አይጠራም። «እከሊት ምን ነካት?» ሲባል፣ «የሞክሲዎች ነገር» ይባላል፤ በቃ። እኛም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳንኮራበት አልቀረንም። ሌላው ቤተሰብ መርከብ አለው፣ ሱቅ አለው፤ እኛ ደግሞ ነገሩ አለን።

እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነው የኖርኩት። ሊቪንግስተን የሚባል ደህና ሰው ላግባሽ ሲለኝ፣ «ልጆችህን ማን ያሳድግልሃል?» ብዬ መለስኩት። ዛሬ አራት ልጆችና አንድ ትልቅ ቦርጭ አለው፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣልኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ሳይደርስ ቀረ። ታዲያ ያን ሁሉ ፍርሃት ምን ላድርገው? ደስ አለኝ፤ ወዲያው ተናደድኩ፤ እህቴን ሳያት ደግሞ አፈርኩ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ መጥተው የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ውጤቱን የሰማው ድሬክሰል ነው። ድሬክሰል ወንድሜ ነው፤ ግን የደጅ ልጅ ነው። አባቴ እናቴን አግብቶ፣ ፕሪስኮላን ወልዶ፣ ከዚያ ወጣ ብሎ ድሬክሰልን ወለደና ተመልሶ እኔን ወለደ። ጫማም ልብስም ይገዛለት ነበር፤ ስሙን ግን አልሰጠውም። በእናቱ ስም ድሬክሰል ዲቮ ተብሎ አደገ፣ ጀልባ ሠሪ ሆነ። አባታችን ሲቀበር የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ እንደ ጎረቤት ተቆጥሮ።

ፕሪስኮላ ከታመመች ወዲህ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አውልቃ ጥላለች። ሲስተር ቨርኒታ «የአባታችሁ ልጆች ሁሉ ይመርመሩ» ስትላት «ሁሉ ማለት ሁሉ ነው» አለችና ስልክ አንሥታ ለድሬክሰል ደወለችለት። ለምርመራው ምራቁን ሰጠ። ውጤቱን የሰማ ዕለት ደግሞ እሱ ለእኔ ደወለልኝ።

«አልታ፣ አለብኝ» አለኝ። ድምፁ ይስቃል።

«ምን አለብህ?»

«ነገሩ። የሞክሲዎች ነገር። አለብኝ ብለውኛል።»

የልብስ ስፌት መኪናዬን አቆምኩ። «ድሬክሰል፣ ምን እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል እንጂ። የቴዎፍሎስ ልጅ ነኝ ማለት ነው። ሐኪም አረጋገጠው። እስከ ዛሬ ሰው ‹የማን ነህ?› ሲለኝ ባሕር ባሕሩን ነበር የማየው።»

«ካንሰር እኮ ነው የሚያመጣው። ወንዱንም አይምርም፣ አባባን ረሳኸው?»

«ሰው መቼም ባንዱ መሞቱ አይቀር፣ እህቴ። ስም ይዞ መሞት ጥሩ ነው።»

«ኬዚያስ? ልጅህ መመርመር አለባት።»

«ኬዚያን ምን ያስመረምራታል? እሷማ የእኔ ናት፤ አፍንጫዋን አይተሽ የለ እንዴ። ይልቅ ድግስ አለኝ፣ ከፕሪስኮላ ጋር ኑ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ያለበት ሰው ድግስ ይደግሳል፣ የሌለባት እኔ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ።

ድግሱም የምር ነበር። እኔና ፕሪስኮላ ደብዳቤም ሰውም በምታመላልሰው የፖስታ መርከብ ወደ ካት አይላንድ ተሻገርን። ድሬክሰል ግቢው ውስጥ በትልቅ ድስት ዓሣ ቀቅሎ፣ ዳቦ አስጋግሮ፣ መንደሩን ሁሉ ጠርቷል። ያልተጠራው የለም፤ ያልተጠበቁት ግን መጡ። አክስት አይዳሜ፣ ከድሬክሰል መወለድ ጀምሮ በዚያ በር አልፈው የማያውቁት፣ ከዘራቸውን እየመቱ ገቡ።

አክስት አይዳሜ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባል አላገቡም፤ «የሞክሲን ስም በምን እለውጠዋለሁ?» ይሉ ነበር። የቤተሰቡ መሬት በእጃቸው ነው። ይህ መሬት አይሸጥም፣ አይከፈልም፣ ወረቀትም የለውም፤ የሞክሲ ደም ያለበት ሰው ቤት ልሥራ ሲል በነሐሴ ሁላችን ስንሰበሰብ ታላቁን ይጠይቃል፣ ታላቁ በከዘራ ቦታውን ያሳያል፣ አለቀ። አባቴ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን የሮቃ ዛፍ እያሳየ «አልታ፣ አንቺ እዚህ ጥላ ሥር ትሰፊያለሽ» ይለኝ ነበር። በዚህ ነሐሴ እሱን ቦታ ልጠይቅ ነበር ያሰብኩት። ናሳው ሰልችቶኛል።

አክስቴ ድሬክሰል ፊት ቆሙ። «ደሙ ራሱ ተናገረ» አሉ፤ እጃቸውንም ሰጡት። ያ የሚያክል ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና አለቀሰ። ሴቱ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። የሃምሳ ዓመት ሰው አባት ሲያገኝ ማየት ቀላል አይደለም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«የለብኝም፣ አክስቴ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

የያዙትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ» አሉ። ከእሳቸው አፍ «እንግዲህ» ብሎ ዝም ማለት ከስድብ ይከፋል።

የዚያ «እንግዲህ» ትርጉም እኔ ወደ ናሳው ሳልመለስ መንደሩን ዞረ። ድሬክሰል ስላለበት የቴዎፍሎስ ነው፤ አልታ ስለሌለባት እንግዲህ የማን ናት? ድሮ የፖስታዋ መርከብ ካፒቴን የነበረው ሰው ለእናቴ በረዶ በነጻ ይሰጣት እንደነበረ ትዝ ያላቸው ሰዎች ተገኙ። ካፒቴኑ ጥርሱ ፍንጭት ነበር፤ እኔም ፍንጭት ነኝ። አባቴ በሕይወት እያለ ይህን ወሬ ሰምቶ «ፍንጭት ከተቆጠረማ ግማሹ ደሴት የካፒቴኑ ነው» ብሎ ስቆበታል። አሁን ግን አባቴም እናቴም የሉም፣ የሚስቅልኝም የለም።

«ማን ይሰማቸዋል?» አለችኝ ፕሪስኮላ፣ ስንመለስ መርከቡ ላይ።

«አንቺስ? ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ለምንድን ነው እንደዚያ ያየሽኝ?»

ሻሿን ነፋሱ እንዳይወስደው አጠበቀችው። «ቀናሁ» አለች በመጨረሻ። «ደስ ብሎኝ ሳለ ቀናሁ። ደግሞ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። አትቀየሚኝ፣ እኔም አልገባኝም።»

አልተቀየምኳትም። እኔም እኮ አልገባኝም።

ወደ ሲስተር ቨርኒታ ተመለስኩ። «አባቴ አባቴ ነው፣ አይደለም?» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ።

ሳቀች፤ ግን አልገረማትም። «አልታ፣ ይሄ ምርመራ የአባት ምርመራ አይደለም። አባትሽ ከዚህ ዘረመል ሁለት ነበረው፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ብልሹ። ለልጅ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው። ለእህትሽ ብልሹው ደረሳት፣ ለአንቺ ደህናው። ዘውድና ጎፈር ነው።»

«ታዲያ መርጦ ነው?»

«ማንም አይመርጥም።»

«ድሬክሰልስ?»

«የሌላ ሰው ውጤት አላወራም። ግን ባጠቃላይ ልንገርሽ፤ ይሄ ነገር በእነዚህ ደሴቶች ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ሰው ከአባቱም ሊያመጣው ይችላል፣ ከእናቱም።» ከዚያ ብዕሯን እያገላበጠች «ይሄን የአባት ጥያቄ ስትጠይቂኝ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አለች። ማን ጠየቀሽ ብላት አፏን ዘጋች።

ማታ ለፕሪስኮላ ነገርኳት። ጀልባ ያለበትን ሳንቲም አውጥቼ ወረወርኩት፤ ዘውድ ሆነ። ደግሜ ወረወርኩት፤ አሁንም ዘውድ። «አየሽ፣ ሁለቴ ዘውድ ቢወጣ ሳንቲሙ ሳንቲም አይደለም አይባልም» አልኳት፤ ራሴን ለማሳመን ነው እንጂ እሷ አልተከራከረችኝም።

«ስለዚህ አባባ ብልሹውን ለእኔ፣ ደህናውን ለአንቺ ሰጠ» አለች። «ድሮም ያበላልጠን ነበር።»

በሳቅ ሞትን። እሷ ሳቋን ስትጨርስ ሻሿን አውልቃ ዓይኗን ጠረገችበት።

ሳቁ ግን ከኔ ጋር አልሰነበተም። ሲስተር የነገረችኝ ነገር የአባቴ ልጅ አለመሆኔን አያሳይም፤ ልጅ መሆኔንም አያሳይም። መስተዋት ፊት ቆሜ ጥርሴን እያየሁ መዋል ጀመርኩ። ድሬክሰል ሰምቶ ኖሮ ደውሎ፣ «ወንድምና እህትን የሚለይ ሌላ ምርመራ አለ አሉ፤ እኔ ዝግጁ ነኝ፣ እህቴ መሆንሽን እናሳያቸዋለን» አለኝ። የዋህ ነው። «አይደለሽም ቢልስ?» አልኩት። «እኔ እስከ ዛሬ ያለ ስም ኖሬያለሁ፤ አይገድልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ሆኖም አልመረመርም አልኩት። አባቴ ከሞተ በኋላ ምራቅ ሰጥቼ ልጠራጠረው አልፈለግሁም፤ ላለመጠራጠር ደግሞ አቃተኝ።

ነሐሴ ደረሰ። ሞክሲ የተባለ ሁሉ ከናሳውም ከማያሚም ተጠራርቶ መንደሩ ገባ። መሬቱ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ሩዙና ዓሣው ተጣደ፣ የባሕር ቀንድ አውጣው እየተከተፈ ሎሚ ይጨመቅበታል። ድሬክሰል አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኬዚያን አስከትሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ኬዚያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ልጅ ናት። እኔ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ድስቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ወደ ጥርሴ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ቦታ የሚታደልበት ሰዓት ሳይደርስ አክስት አይዳሜ ወደ ማድ ቤታቸው አስጠሩኝ። መሬቱን አትጠይቂ ሊሉኝ ነው፣ ቢያንስ በሰው ፊት አላዋረዱኝም ብዬ ገባሁ። የርግብ አተር ይፈለፍላሉ።

«በሩን ዝጊው» አሉ። ዘጋሁት። ቀና ሳይሉ፣ «የለብሽም ሲሉሽ አለቀስሽ?» አሉኝ።

«አላለቀስኩም። ግራ ሲገባኝ አይተው ውሃ ሰጡኝ።»

«ለእኔም ውሃ ነው የሰጡኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ቆሜ የምሰማው ነገር አይደለም።

«አምና ነው» አሉ። «ፕሪስኮላ ስትታመም ሐኪሞቹ እዚህ ጤና ጣቢያ መጥተው ነበር። ያቺ ቨርኒታም ነበረች። ምራቄን ሰጠሁ። እናቴን ቀብሬ፣ እህቶቼን ቀብሬ፣ ወንድሜን ቀብሬ እኔ ብቻ የቀረሁት ተራዬ ስላልደረሰ ነው ብዬ ነበር የማምነው። የለብዎትም አሉኝ።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«አንቺን ደስ ብሎሻል?»

የአተሩን ቅርጫት አስጠጋሁላቸው።

«እኔ ስጸነስ አባቴ ፍሎሪዳ ባቄላ ይለቅም ነበር» አሉ። «በኮንትራት ሄዶ። መጥቼ ሄጃለሁ ይል ነበር፣ እናቴም መጥቶ ሄዷል ትል ነበር። ሰው ግን በጣቱ ይቆጥራል። ትምህርት ቤት ልጆቹ ‹ፖስታ› ነበር የሚሉኝ፤ አባቴ ከፍሎሪዳ በፖስታ የላከኝ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ በሞክሲ ስም የቀለደ ሰው ከእኔ ጋር ኖሮ አያውቅም። መሬቱን ጠበቅሁ፣ ደሙን ጠበቅሁ፣ ድሬክሰልን በር ዘጋሁበት። ይኸው አንዲት ብልቃጥ ምራቅ፣ ልጆቹ ያሉት እውነት ነው አለችኝ።» የአተሩን ሽፋን ወደ ቅርጫቱ ወረወሩት። «አንቺ የለብኝም ስትዪኝ ሁለት ሆንን አልኩ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። አንቺን የእኛ ናት ብዬ ባልፍሽ፣ ነገ ለምን ብሎ እኔንም የሚያየኝ ይመጣል።»

ተናድጄባቸው ነበር የገባሁት፤ ያ ንዴት የት እንደገባ ጠፋኝ። እኝህ ሴትዮ ወር ሙሉ መስተዋት ፊት አቁመውኛል፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመውበታል። አተር አንሥቼ አብሬያቸው መፈልፈል ጀመርኩ። ያኔ ነው አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ዞር ያለው።

«አክስቴ፣ ፓፓ ሕዝቅኤል በምን ሞቱ?»

«አባቴ? በእርጅና ነዋ። ዘጠና አልፎት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ።»

«ወንድሞቻቸው እህቶቻቸውስ?»

«እነሱም አርጅተው። አንዱ ሰጠመ።»

«ነገሩ መጀመሪያ የያዘው ሰው ማነው?»

«እናቴ።»

«ማማ ሊዮታ ሞክሲ ነበሩ?»

«በጋብቻ ነው እንጂ፣ የስታብስ ልጅ ናት። ከወዲያኛው መንደር...» እጃቸው ቆመ።

«ነገሩ የሞክሲዎች አይደለም፣ አክስቴ። የመጣው ከማማ ሊዮታ ነው። ፓፓ ሕዝቅኤል ያልነበራቸውን ለማንም አልሰጡም።»

ከማድ ቤቱ ውጭ ፕሪስኮላ ሩዙን ያሳረረ ሰው ላይ ስትጮህ ይሰማል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት በስታብሶች በሽታ ነው ስንኮራ የኖርነው?» አሉ።

«ይመስለኛል። ከማማ ሊዮታ ማህፀን መውጣትዎን የሚጠራጠር አለ?»

«ምን ሲባል። ጩኸቷን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ከማህፀናቸው ወጥተው እንኳን የለብዎትም። ልጅ ሆኖ አለመውረስ አለ ማለት ነው። ሲስተር ዘውድና ጎፈር ነው ያለችኝ።»

«በእኔ ቤት ቁማር አይነሣም» አሉ፤ ግን ሐሳባቸው እዚያ አልነበረም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያሰሉታል። «ስለዚህ አንቺም ከቴዎፍሎስ ወጥተሽ ላይኖርብሽ ይችላል።»

«ይችላል።»

«እኔስ? የአባቴ ልጅ ነኝ?»

«እሱን አላውቅም፣ አክስቴ። ምርመራውም አያውቅም። የእኔንም አያውቅም።»

«ያልጠየቅሁትን መልሰው፣ የጠየቅሁትን ሳይነኩት ሄዱ በይኛ።» ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ወዲያው ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ድሬክሰልስ?»

የፈራሁት ይህን ነው። «ነገሩ ብዙ ቤት ውስጥ አለ ብላኛለች። የእሱ ከእናቱም ሊሆን ይችላል።»

«እናቱ እኮ ከወዲያኛው መንደር ናት። ከስታብሶች ጎረቤት።»

ተያየን።

«ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«አትንገሪው። የቴዎፍሎስን አረማመድ የሚሄድ ሰው ምን ምራቅ ያስፈልገዋል? ዓይን የለንም እንዴ። በልጅነቱ በአጥሬ ሥር ሲያልፍ አይቼው በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።» ከዘራቸውን ፈለጉ፤ አቀበልኳቸው። «ነይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ወጣን። ሰው ሁሉ ተነሣ። አክስት አይዳሜ መሬቱ መሀል ቆመው ዙሪያውን አዩ።

«ድሬክሰል፣ ና። ከዚህ ድንጋይ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ።» ከዘራው አሳየው። ድሬክሰል ባርኔጣውን አወለቀ።

«አልታ። ሮቃው ሥር፣ አባትሽ እንዳለው።»

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። «እንዴ፣ እሷ እኮ...» አለ። አክስቴ ወደዚያ ዞረው «ጨርስ እስቲ» አሉት። አልጨረሰም። አባትሽ ማለታቸውን ግን እኔ ሰምቻለሁ።

«ሌላም አለ» አሉ ለድሬክሰል። «ኬዚያ በሚቀጥለው መርከብ ወደ ቨርኒታ ትሄዳለች። አንተም ሐኪም ያይሃል፣ በየጊዜው።»

«አክስቴ፣ እሷማ የእኔ ናት፣ ምን ያደርግላታል...»

«ዝም በል። ስም የሰጠንህ ልትቀበርበት አይደለም። ፕሪስኮላን አየሃት? ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ጡቷም ፀጉሯም አይሄድም ነበር።»

ፕሪስኮላ ማንኪያዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ድሬክሰልም መጀመሪያ አባቴን አገኘሁ ብሎ ደስ ያለው ነገር አሁን ገና ሌላ ፊቱን ያሳየው መሰለኝ። ወደ ልጁ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው የድግስ ፊት ጠፋ።

ኬዚያ ተነሣች። ድምፅዋን ሰምተን የምናውቅ አይመስለኝም። «አያቴ» አለቻቸው፣ «እኔስ ተመርምሬ ባይኖርብኝ?»

ለምን እንደጠየቀች ሁላችንም ገብቶናል። አባቷ በሕመም ያገኘውን ስም እሷ በጤንነት ልታጣው ነው የፈራችው። ድሬክሰል እኔን አየኝ፤ እኔም አክስቴን አየሁ። ለእኔ በዝግ ማድ ቤት የነገሩኝ ነገር ነው፤ ቃል ቢቀይሩ ማንም አያውቅባቸውም። «የለም፣ ይኖርብሻል» ብለው፣ ወይም «እግዜር ያውቃል» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር።

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ካልኖረብሽ እንደ እኔ ነሽ ማለት ነው» አሉ። «እኔም የለብኝም።»

ከማያሚ የመጡት እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ያ ያጉረመረመው ሰው መሬት መሬቱን አየ። እኔ ሄጄ የአክስቴን ክንድ ያዝኩ። ወንበር አመጡላቸው፤ አልቀመጥም አሉ።

ከዚያ ድሬክሰል ማንም ሳያዘው፣ የአዲሱን ነጭ ሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ ወደ ጉድጓዱ ሄደና ውሃ ቀድቶ አመጣላቸው።